የተማሪ የጂኦሜትሪ ሳጥን፦ በኮምፓሱ ፍረዱት

ለመካከለኛ ደረጃ የሒሳብ ክፍል ከሚገዙ ዕቃዎች መካከል በብዛት ተገዝቶ በጥቂቱ የሚፈተሸው የጂኦሜትሪ ሳጥን ነው። ክዳኑ ይከፈታል፣ ዕቃው ይቆጠራል፣ "አልጎደለም" ይባላል፣ ይገዛል። ውስጡ ያለው የታወቀ ነው፦ ኮምፓስ፣ ዲቫይደር (ባለ ሁለት መርፌ ርዝመት ማዛወሪያ)፣ ፕሮትራክተር (ማዕዘን መለኪያ)፣ ሁለት ሴት ስኩዌር (ባለ ሦስት ጎን ማስመሪያ)፣ የ15 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ አጭር እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ። እዚህ የምንገመግመው ይኸንኑ በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ መያዣ የሚመጣውን የተለመደ ሳጥን ነው። መለኪያችን ደግሞ ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጆች ክፍል ውስጥ ሲሠሩበት የሚሆነው ነገር ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ሳጥኑ የሚገዛ ወይም የማይገዛ የሚሆነው በኮምፓሱ ነው። ፕሮትራክተሩ ርካሽ ቢሆንም ግልጽ ከሆነ ይሠራል፤ ማስመሪያው ቢሰበር ሌላ ይተካል። የላላ ኮምፓስ ግን ትምህርቱን ራሱን ያበላሻል፤ ጥፋቱም በልጁ ይላከካል። ክቡ አልገጥም ያለው ተማሪ ብሎኑ መላላቱን አያውቅም። የሚሰማው "ተረጋግተህ ሥራ" የሚል ተግሣጽ ነው፤ ከሁለትና ሦስት እንደዚህ ያለ ክፍለ ጊዜ በኋላ ጂኦሜትሪ እንደማይሆንለት ያምናል። የመሣሪያ ጥራት የትምህርት ጥራት ጉዳይ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ኮምፓስ በሦስት ዓይነት ይመጣል። አንደኛው ማንኛውም እርሳስ በቀለበት ገብቶ በትንሽ ብሎን የሚጠብቅበት ነው። ሁለተኛው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሊድ (የእርሳስ ውስጠኛው ጥቁር ዘንግ) ራሱ እግሩ ላይ የሚሰካበት ነው። ሦስተኛው በሁለቱ እግሮች መሀል ባለ ጥርሳም ብሎን እየተሽከረከረ የሚከፈትና የሚዘጋው ነው። ይህ ሦስተኛው የተከፈተበትን ርቀት አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ቸኩሎ እግሮቹን በእጁ የሚስብ ልጅ ጥርሱን ይበላዋል፤ ጥርሱ አንዴ ከተበላ ደግሞ መጠገኛ የለውም። ሁለተኛው ሊዱ ሲያልቅ በዚያው ልክ ሌላ ሊድ ይፈልጋል፤ ያ ካልተገኘ ኮምፓሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለብዙ ልጆች ክፍል የምንመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ግን ቀለበቱ ብረት፣ ማጠፊያውም በብሎን የተያዘ መሆን አለበት። የማጠፊያውን ራስ ተመልከቱ፦ የካቻቢቴ ጎድጎድ ካለው ሲላላ ይጠብቃል፤ በሪቬት ተመትቶ ከተዘጋ ግን ከላላ በኋላ ምንም አይደረግለትም። ይህች አንዲት ምልክት ብቻ ብዙ ሳጥኖችን ከምርጫ ታስወጣለች።

ሱቅ ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ፈተና አለ፤ አንድ ወረቀትና ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ኮምፓሱን 5 ሳንቲ ሜትር ክፈቱና ክብ ሥሩ፤ ሳታነሡ ሁለተኛ ዙር ሂዱበት። መስመሩ አንድ ሆኖ ከቆየ ደግ ነው። ሁለት ሆኖ ከተለያየ ማጠፊያው፣ መርፌው ወይም እርሳሱ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ቀጥሎ አከፋፈቱን ሳትነኩ መርፌውን ክቡ መስመር ላይ አሳርፉና በእርሳሱ ክቡን የሚያቋርጥ ትንሽ ቅስት ሥሩ። መርፌውን ወደ መገናኛው ነጥብ አዛውራችሁ እንደገና ሥሩ። እንዲህ እያላችሁ ስድስት ጊዜ ስትዞሩ የመጨረሻው ቅስት የተነሣችሁበት ነጥብ ላይ መውደቅ አለበት፤ ከሬዲየሱ ጋር እኩል የሆነ አውታር (የክቡን ሁለት ነጥቦች የሚያገናኝ ቀጥታ መስመር) ክቡን ስድስት እኩል ቦታ ይከፍለዋልና።

ይህ ፈተና ጥሩ የሆነው ስሕተትን ስለሚያባዛ ነው። ክቡ በ50 ሚሊ ሜትር ተሠርቶ ኮምፓሱ ከዚያ በኋላ ወደ 51 ሚሊ ሜትር ቢከፈት፣ እያንዳንዱ እርምጃ ከ60 ዲግሪ ወደ 61.3 ዲግሪ ገደማ ያድጋል። ስድስቱ ሲደመሩ 368 ዲግሪ ይጠጋሉ፤ የመጨረሻው ቅስት መነሻውን 7 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ይወድቃል። ዓይን የማያየው 1 ሚሊ ሜትር የጣት ጥፍር የሚያህል ክፍተት ሆኖ ይወጣል። ልጆችም ይህንኑ ፈተና በየራሳቸው ኮምፓስ ላይ ቢሠሩት ጥቅሙ እጥፍ ነው፤ መሣሪያው ይፈተሻል፣ መደበኛ ጎነ ስድስት መንደፍም በዚያው ይለመዳል።

ብዙ ጊዜ "ኮምፓሱ መጥፎ ነው" የሚባለው ሳይስተካከል ስለተሰጠ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ለልጅ መሰጠት የለበትም። መጀመሪያ መርፌው ከሊዱ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረዝም አድርጉት፤ ያቺ 1 ሚሊ ሜትር ወረቀቱ ውስጥ ትገባለች፣ ያኔ ሁለቱ እግሮች እኩል ይቆማሉ። እርሳሱ ከመርፌው ሲረዝም ኮምፓሱ ያዘነብላል፣ የመርፌው ቀዳዳ ይሰፋል፣ መሀሉም ይጠፋል። አዲስ ረጅም እርሳስ አታስገቡበት፤ የላይኛው ክብደት ኮምፓሱን ይጥለዋል። ከ8 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ እርሳስ ይበቃል። ቀለበቱ ለእርሳሱ ከሰፋ ብሎኑን አጥብቆ ክሩን ከመብላት ይልቅ ከልሙጥ ወረቀት የተቆረጠች ቀጭን ብጣሽ እርሳሱ ላይ ጠቅልላችሁ አስገቡት። ማጠፊያውን በካቻቢቴ ስታጠብቁ ልኩ ይህ ነው፦ ኮምፓሱን በመያዣው ብቻ አንሥታችሁ ስታወዛውዙት የተከፈተው እግር ባለበት ይቆያል፣ በሁለት እጅ ሲሳብ ግን ሳይታገል ይከፈታል።

ሊዱ ሁለት ዙር ከሠራ በኋላ ይደንዝና መስመሩ ይወፍራል። በመቅረጫ የተሳለ ክብ ጫፍ ለኮምፓስ ቶሎ ያልቃል፤ ጫፉን ብርጭቆ ወረቀት ላይ በአንድ ጎን ብቻ ፍቃችሁ ሽብልቅ ብታስመስሉት ረጅም ጊዜ ቀጭን መስመር ይሰጣል። የተፋቀው ጎን ወደ ውጭ ይዙር።

አያያዙም የመሣሪያው ግማሽ ነው። ኮምፓስ የሚያዘው አናቱ ላይ ባለው መያዣ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ነው። ልጆች ግን በተፈጥሮ ሁለቱን እግሮች ይጨብጣሉ። እጃቸው ሲጫን ሬዲየሱ እየጠበበ ይሄድና መስመሩ ዞሮ መነሻውን ሳያገኝ ወደ ውስጥ ይገባል። ክብ ሳይሆን ጥምዝምዝ ይወጣል። ምልክቱን መለየት ይቻላል፦ መጨረሻው ወደ ውስጥ ከገባ ጭበጣው፣ ወደ ውጭ ከወጣ የላላው ማጠፊያ ነው የሚጠረጠረው። ሌላው ጠንቅ ጠንካራ ዴስክ ነው። አንዲት ወረቀት በደረቅ እንጨት ላይ ስትሆን መርፌው መያዣ አያገኝም፤ ከሥር ሌላ ደብተር ማድረግ ብቻ ችግሩን ይፈታዋል። እጁ መዞር ለሚከብደው ልጅ ደግሞ ኮምፓሱን አቁሞ ወረቀቱን እንዲያዞር ፍቀዱለት፤ ክቡ ያው ክብ ነው።

መካከለኛ ደረጃ ላይ ኮምፓሱ ከክብ ይልቅ ለንድፍ ነው የሚፈለገው፤ የላላነት ጣጣም እዚያ ነው በግልጽ የሚታየው። አንድ የ60 ሚሊ ሜትር መስመር መሀል ለመሀል የሚከፍለውን ቀጤ ነክ መስመር እየነደፍን ነው እንበል። ከአንደኛው ጫፍ ሆነን ከላይና ከታች በ50 ሚሊ ሜትር ቅስት ሠራን፤ ወደ ሁለተኛው ጫፍ ስንዛወር ኮምፓሱ ሳናውቀው 52 ሚሊ ሜትር ሆነ። የሚወጣው መስመር ቀጤነቱን አያጣም፤ ነገር ግን ከመሀሉ 1.7 ሚሊ ሜትር ርቆ ያልፋል። ልጁ በፕሮትራክተር ሲለካው 90 ዲግሪ ያገኛል፣ በማስመሪያ ሲለካው ግን ሁለቱ ክፍሎች እኩል አይሆኑም። መምህሩ "ቅስቶቹን በተለያየ ርቀት ነው የሠራኸው" ቢለው ልጁ እንዳልነካው ይምላል፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች በተራ ከጨረሱ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ አንዱን ቅስት ደግሞ መሥራት ጥሩ ልማድ ነው። አዲሱ ቅስት አሮጌው ላይ ከተኛ ኮምፓሱ አልተንቀሳቀሰም።

ኮምፓስ ለምን እንዲህ ከሌላው እንደሚበልጥ የሚያሳይ አንድ ነገር በሒሳብ ታሪክ አለ። ጆርጅ ሞህር እ.ኤ.አ. በ1672፣ ሎሬንዞ ማስኬሮኒ ደግሞ በ1797 እንዳሳዩት፣ በማስመሪያና በኮምፓስ ሊገኝ የሚችል ነጥብ ሁሉ በኮምፓስ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ማስመሪያው ቢጠፋ ቀጥታውን መስመር ማስመር እንጂ ነጥቦቹን ማግኘት አይቀርም። ኮምፓሱ ቢጠፋስ? በማስመሪያ ብቻ ብዙ ርቀት አይኬድም።

ወደ ፕሮትራክተሩ እንምጣ። ጥሩ ፕሮትራክተር ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀለም ያልበዛበት፣ ቁጥሮቹ በሁለት ረድፍ በግልጽ የተለዩ ነው። የተቀባው ወገን ወደ ወረቀቱ የዞረ ቢሆን ይመረጣል፤ ምልክቱና መስመሩ ከተራራቁ ልጁ ራሱን ባዘነበለ ቁጥር ንባቡ ይለወጣል። ቀለሙ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይቆይም። ሁሉም ዲግሪ ምልክት ሊኖረው፣ አምስተኛውና አሥረኛው ደግሞ ረዘም ሊል ይገባል። ሌላ ብዙም አንጠይቅም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። የአብዛኛው ፕሮትራክተር የዜሮ መስመር የታችኛው ጠርዝ ላይ አይደለም፤ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ልጆች ግን ጠርዙን ነው የማዕዘኑ ጎን ላይ የሚያስቀምጡት፤ ማስመሪያን እንደዚያ ነውና የለመዱት። ጠርዙና የዜሮ መስመሩ በ4 ሚሊ ሜትር የተራራቁ፣ የንባቡ ቅስት ደግሞ ከመሀሉ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕሮትራክተር እንውሰድ። በጠርዙ ሲለካ 30 ዲግሪ የሆነው ማዕዘን 26 ሆኖ ይነበባል። 60 የሆነው 58 አይሞላም። 120 የሆነው ወደ 122 ከፍ ይላል። 90 ግን 90 ሆኖ ይቀራል! ለዚህ ነው ይህ ስሕተት ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የሚኖረው፦ መምህሩ አለካካቸውን በቀጤ ማዕዘን ሲፈትን ሁሉም ትክክል ናቸው።

የጎነ ሦስት ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር ሲለካ ግን ይጋለጣል። በዚህ አለካክ ልጁ ማንኛውንም ጎነ ሦስት ቢለካ፣ ሹል ይሁን ዝርጥ፣ ድምሩ ከ173 እስከ 175 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይወድቃል። እኩል ጎን ያለው 173 ይሰጣል፤ የተለጠጠው ወደ 175 ይጠጋል። ስለዚህ የተማሪዎቹ ድምሮች ሁሉ ከ180 በታች አንድ ቦታ ተሰብስበው ካገኛችኋቸው ግድየለሽነታቸውን አትጠርጥሩ። ግድየለሽ ሰው አንዴ በላይ አንዴ በታች ነው የሚስተው፤ ሁልጊዜ በአንድ ወገን መሳት የአቀማመጥ ምልክት ነው። መድኃኒቱ የዜሮውን መስመርና መሀለኛውን ምልክት ልጆቹ ራሳቸው በቀጭን ቀይ ቋሚ ቀለም እንዲያቀልሙት ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ ከተቀለመ በኋላ ጠርዙን የሚጠቀም አይኖርም ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የታወቀ ስሕተት የሁለቱ ረድፍ ቁጥር ነው፤ 70 የሆነው 110 ይባላል። ይኼኛው ትንሽ ሳይሆን ብዙ ስለሚያስት በቀላሉ ይያዛል፤ አንድ ማዕዘን እንዲህ ከተነበበ የጎነ ሦስቱ ድምር 220 ይሆናል። ከመለካቱ በፊት ልጁ በዓይኑ ብቻ ዓይቶ "ሹል" ወይም "ዝርጥ" ብሎ አጠገቡ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ሹል ብሎ በጻፈው ማዕዘን ላይ 110 የሚጽፍ የለም። ሦስተኛው ስሕተት አጭር ጎን ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው ማዕዘን ጎኖቹ 3 ሳንቲ ሜትር ሲሆኑ ምልክቱ ጋ አይደርሱም፣ ልጁም በግምት ያነባል። ጎኑን በእርሳስ ቀጠን አድርጎ ማስረዘም ነው፤ ማዕዘን ጎኑ ስለረዘመ አያድግም። (ያድጋል ብለው የሚያምኑ ልጆች በየክፍሉ አሉ፤ ያ እምነት የሚገኘው እዚህ ጋ ነው፣ ጊዜ ወስዶ ማውራት ይገባል።)

በትክክል ተቀምጦ፣ በትክክል ተነቦም የዚህ ሳጥን ፕሮትራክተር በአንድ ማዕዘን 1 ዲግሪ ያህል ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከ178 እስከ 182 ያለ ድምር ጥሩ ልኬት ነው። መምህሩ 180ን ብቻ "ትክክል" ካለ፣ ልጆች በሚቀጥለው ቀን ሁለቱን ማዕዘን ለክተው ሦስተኛውን ከ180 በመቀነስ ይጽፋሉ። ደብተሩ ያምራል፣ ልኬቱ ግን ቀርቷል። "የለካኸውን ጻፍ፣ ለምን 180 እንዳልሞላም ንገረኝ" ማለት ይሻላል።

ፕሮትራክተርና ኮምፓስ ለምን በአንድ ሳጥን እንደተቀመጡም ልጆች ቢያውቁት ደስ ይላል። 60 ዲግሪ በኮምፓስ ይነደፋል፤ ለሁለት ሲከፈል 30፣ ደግሞ ለሁለት 15 ይገኛል። 20 ዲግሪ ግን አይገኝም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒዬር ዋንዝል እ.ኤ.አ. በ1837 እንዳረጋገጠው 60 ዲግሪን በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ለሦስት እኩል መክፈል ፈጽሞ አይቻልም። ስለዚህ "20 ዲግሪን በኮምፓስ ንደፉ" የሚል የቤት ሥራ ከመስጠት ተጠንቀቁ፤ ጎበዙ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ይሞክረዋል።

ማስመሪያው ላይ አንድ ነገር ብቻ በጥንቃቄ ይታይ፤ ዜሮው የት ነው? አንዳንዱ ከጫፉ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ከጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይጀምራል። ለአንድ ክፍል የሚገዙት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሲደባለቁ መምህሩ "ከጫፉ ጀምሩ" ሲል ግማሹ ክፍል ይስታል። ዜሮው ገባ ያለው ይሻላል፤ የጫፉ ፕላስቲክ ሲፈገፈግ ዜሮው አብሮ አይሄድም። ሁለት ማስመሪያ ምልክት ለምልክት ገጥማችሁ ዜሮና ዜሮ ሲገናኙ 15 እና 15 መገናኘታቸውን እዩ። ቀጥታነቱን ለማየት መስመር አስምሩና ማስመሪያውን ገልብጣችሁ በእነዚያው ሁለት ነጥቦች መካከል ደግማችሁ አስምሩ፤ በመሀል የስንዴ ፍሬ የመሰለ ክፍተት ከታየ ማስመሪያው ጎብጧል። በሌላው ወገን ኢንች ካለበት፣ "መስመሩ 2 ነው" የሚሉ ልጆች ይመጣሉና ያንን ወገን በፕላስተር ሸፍኑት።

ሴት ስኩዌሮቹ በዚህ ሳጥን ውስጥ በጣም የተበደሉ ናቸው። ዓመት ሙሉ ከሳጥኑ ሳይወጡ ሲቀሩ አይተናል፤ የሚያሳዝነውም ከፕሮትራክተሩ ይልቅ ፈጣንና ትክክለኛ መሆናቸው ነው። አንዱ 45፣ 45 እና 90 ነው፤ ሌላው 30፣ 60 እና 90። ሁለቱን በማጋጠም 15፣ 75፣ 105፣ 120፣ 135፣ 150 ይገኛሉ፤ የ15 ብዜት የሆነ ማዕዘን ሁሉ ያለ ፕሮትራክተር ይወጣል ማለት ነው። ጥራታቸውን ለመፈተን ማስመሪያ ላይ አቁማችሁ በቀጤው ጎን 10 ሳንቲ ሜትር መስመር ወደ ላይ አስምሩ፤ ሴት ስኩዌሩን እንደ ገጽ ገልብጣችሁ ከዚያው ነጥብ ደግማችሁ አስምሩ። ቀጤው እውነተኛ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ይሆናሉ። 1 ዲግሪ ቢጎድለው አናታቸው ላይ በ3.5 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ መገልበጡ ስሕተቱን እጥፍ ያደርገዋልና።

ትይዩ መስመር ማስመር ግን ዋናው ሥራቸው ነው። የሴት ስኩዌሩን አንድ ጎን በመስመሩ ላይ አስተኙ፤ ማስመሪያውን በሌላው ጎኑ ላይ አስጠጉ፤ ማስመሪያውን በግራ እጅ በተከፈቱ ጣቶች ወረቀቱ ላይ ተጫኑ፤ ሴት ስኩዌሩን በማስመሪያው ጠርዝ እያንሸራተታችሁ በፈለጋችሁበት አስምሩ። ልጆች የሚስቱት ሴት ስኩዌሩን አንሥተው ሲያስቀምጡት ነው፤ መንሸራተት እንጂ መነሣት የለበትም። ማስመሪያው ከተንቀሳቀሰም መስመሩ ትይዩ አይሆንም። በነገራችን ላይ የፕላስቲኩ ጫፎች ትንሽ ድቡልቡል ስለሆኑ መስመሩን ጫፉ ድረስ መውሰድ አይገባም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀድሞ ማቆም ነው።

ስለ ቀሪው ባጭሩ። ዲቫይደሩ ርዝመትን ከቦታ ቦታ ለማዛወር ጥሩ ነው፤ ኮምፓሱም ያንኑ ሥራ ስለሚሠራ ዲቫይደር የሌለው ሳጥን ቅር አያሰኝም። ሁለት መርፌ ስላለውም ለትንንሾቹ ክፍሎች ባይሰጥ እንመርጣለን። አብሮ የሚመጣው እርሳስ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፣ መስመሩን ያወፍራል፤ ለንድፍ ኤች ወይም ኤችቢ የተባለው ይሻላል። ላጲሱ ወረቀቱን የሚያጠቁር ከሆነ ወዲያው ይውጣ። መቅረጫው ሊድ የሚሰብር ከሆነ ምላጩ ስለላላ ሊሆን ይችላል፤ ብሎኑን አጥብቆ ማየት አይከፋም።

ለመምህሩ የሰሌዳ መሣሪያም አብሮ ይታሰብ። ልጆች ኮምፓስ አያያዝ የሚማሩት ከመምህሩ እጅ ነውና የሰሌዳው ኮምፓስ የሚያንሸራትት ከሆነ ትምህርቱ ይሰናከላል። መሀል የሚቆመው የጎማ ጫፉ ሲደርቅና የጠመኔ አቧራ ሲይዘው ይንሸራተታል፤ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ጠመኔው ከያዡ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይውጣ፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ ይሰበራል። የሰሌዳ ኮምፓስ ከሌለ ሲባጎ ይሠራል፤ ግን የማይለጠጥ ይሁን፣ ጠመኔው ላይ የሚገባው ቀለበትም ተቋጥሮ ይዘጋ። ሲባጎው ጠመኔው ላይ ዝም ብሎ ከተጠቀለለ በዞረ ቁጥር እየተጠመጠመ ሬዲየሱን ያሳጥረዋል። ጠመኔው ደግሞ ለሰሌዳው ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ሲያዘነብል ክቡ ይዛባል። ከጎን ሆናችሁ ሥሩ፣ ክፍሉ ቅስቱን እንጂ ጀርባችሁን እንዳያይ።

ለ40 ልጆች ክፍል ስንት ይገዛ? አርባ ሳጥን መግዛት ካልተቻለ ለሁለት አንድ፣ ማለትም 20 ሳጥንና 4 ትርፍ ኮምፓስ በቂ ነው። ለሁለት አንድ መሆኑ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲነድፍ ሌላው በፕሮትራክተር ይፈትሻል፣ ሥራው ያኔ ይጠራል። ለሦስት አንድ ሲሆን ግን ሦስተኛው ልጅ ተመልካች ይሆናል። እያንዳንዱ ሳጥንና ውስጡ ያለ ዕቃ ሁሉ አንድ ቁጥር ይጻፍበት፤ 7 ቁጥር ሳጥን ውስጥ 12 ቁጥር ፕሮትራክተር ከተገኘ የት እንደሚመለስ ይታወቃል። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀር ይሰብሰብ፤ ደወል ሲደወል የሚሰበሰብ ሳጥን ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። የኮምፓሱ መርፌ ላይ ቁራጭ ቡሽ ወይም የላጲስ ቁራጭ ይሰካበት።

መያዣውን በተመለከተ ቆርቆሮው ይጠነክራል፤ ነገር ግን የክዳኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ ካልታጠፈ እጅ ይቆርጣል፤ ጣታችሁን በቀስታ አስኬዱበትና ፈትሹ። እርጥበት ባለበት ሲቀመጥም ይዝጋል፣ ዝገቱም መርፌውንና ብሎኑን ይይዛል። ፕላስቲኩ አይዝግም፤ የሚሰበረው ማጠፊያው ነው፣ ያኔ በላስቲክ ማሰር ነው። በሁለቱም ውስጥ ኮምፓሱ ፕሮትራክተሩን እየፋቀ ቁጥሩን ያጠፋዋል፤ በመካከላቸው እጥፍ ጨርቅ ማስገባት ዕድሜውን በእርግጥ ያረዝመዋል።

በብዛት ስትገዙ ከላይ የተቀመጠውን ናሙና ብቻ አትፈትሹ። ከተለያዩ ካርቶኖች አምስት ሳጥን አስከፍቱና አምስቱን ኮምፓሶች በስድስቱ ቅስት አስዞሯቸው። ሁለቱ ከወደቁ ሳጥኑን ተዉት። ሌላው ዕቃ ጥሩ ሆኖ ኮምፓሱ ብቻ ከወደቀ ግን ሻጩን ኮምፓስ የሌለበት ሳጥን ጠይቁት፤ ኮምፓሱን ለብቻው፣ ማጠፊያው በብሎን የተያዘውን መርጣችሁ ግዙ።